በርጩማው ሙዚየም ገባ፤ ጠራቢው የት ገባ?

«ባህላችንን እንወዳለን! በታሪካችን እንኮራለን!» ሲባል ያልሰማ ጆሮ በዚህ አገር ይኖር ይሆን? እኔን ሰልችቶኛል። የሰለቸኝ ባህሉና ታሪኩ አይደለም፤ መፈክሩ ነው። አንድ ባለሥልጣን ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው ሲባል ከበሮው ይወጠራል። ልጆች ከትምህርት ገበታቸው ተጠርተው የባህል ልብስ ይለብሳሉ፣ መንገድ ዳር ተሰልፈው ይጨፍራሉ። ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ቡና በጀበና ይፈላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ አበል ይከፈላል። እንግዳው መኪናው ውስጥ ገብቶ አቧራውን አስነስቶ ሲሄድ «ባህላችንም» አብሮት ይሄዳል። እስከሚቀጥለው እንግዳ ድረስ ተጠቅልሎ መጋዘን ይገባል። ጎበዝ! እንዲህ ያለው ውዴታ፣ ውዴታ ነው እንዴ?

እኔ የምለው አጭር ነው። እኛ ዕቃውን እንጂ ዕቃውን የሠራውን እጅ አናከብርም። ጋቢውን እንለብሳለን፣ ሸማኔውን እንንቃለን። በጀበናው እንጠጣለን፣ ሸክላ ሠሪዋን እናርቃለን። በማሲንቆው እስክስታ እንወርዳለን፣ «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ግን ስድብ አድርገነዋል። የንጉሡን በርጩማ መስታወት ውስጥ አስገብተን ቆልፈን እናስጎበኛለን፣ ያንን ሙያ ይዞ ዛሬም በሕይወት ያለውን ሰው ግን ምን በልቶ እንደሚያድር አንጠይቅም። ይህን የምለው በጭፍን አይደለም። ምስክሬ ጅማ ናት፤ ከጅማም ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብላ የምትገኘው ሰቃ ናት።

ጅማ የምትኮራበት አላጣችም

እውነቱን ለመናገር ጅማ የምትኮራበት ነገር ሞልቷታል። ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት፣ ማለትም ከሊሙ እናርያ፣ ከጎማ፣ ከጉማ፣ ከጌራና ከጅማ ውስጥ ራሱን ችሎ ለረጅም ጊዜ የቆየው የጅማ መንግሥት ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ድረስ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ገዝተዋል። ከአጼ ምኒልክ ጋር ጦር ከመማዘዝ ይልቅ ግብር መክፈልን መርጠው፣ በዙሪያቸው ያለው አገር ሲታመስ የራሳቸውን አትርፈዋል። «አባ ጅፋር» የሚለው ራሱ የፈረስ ስም ነው። ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ አሉላ «አባ ነጋ» እንደተባሉት ሁሉ፣ የጅማውም ንጉሥ በፈረሳቸው ተጠሩ። ይህ ወግ ከሰሜን እስከ ደቡብ ምዕራብ አንድ እንደነበረ ስንቱ ወጣት ያውቃል? ስማቸውን ብዙው ሰው የሚያውቀው ከኳስ ሜዳ ነው፤ «ጅማ አባ ጅፋር» በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድ «አባ ጅፋር ማናቸው?» ብሎ የጠየቀ ካለ ጥሩ ነው።

ጅሬን ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸው አለ። ጅማ ከተማ ውስጥ ሙዚየም አለ። ከሁሉም ይልቅ ግን የጅማን ስም ባሕር ማዶ ያሻገረው በርጩማው ነው። ባለ ሦስት እግር ነው፤ ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል፤ ሚስማር አይነካውም፣ ማጣበቂያ አይቀምስም። መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ነው፤ መደገፊያ ያለውም አለ። ሦስት እግር የተደረገለት እንዲያው ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። ወለሉ ወጣ ገባ በሆነ ቤት ውስጥ አራት እግር ያለው ወንበር ይንገዳገዳል፤ ሦስት እግር ያለው ግን የትም ቢያስቀምጡት ይቆማል። ይህን ያሰበ ሰው ዲፕሎማ ባይኖረውም መሐንዲስ ነው። ስሙም እንኳ አያጣላንም፤ በአማርኛው «በርጩማ» ነው፣ ኦሮምኛውም ያው ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከእንዲህ ዓይነቱ በርጩማ ፊት የመቆም ዕድል ከገጠመህ አስጎብኚውን ጠይቀው። «ይህ የማን ነው?» በለው። «የንጉሡ» ይልሃል። «የጠረበውስ ማን ነው?» በለው። መልስ ካገኘህ ጻፍልኝ። ፈረንጅ አገር የጥንት ዕቃ የሚነግዱትም የጅማን ወንበር ሲሸጡ «ጅማ፣ እንጨት» ብለው ያልፋሉ። የከተማው ስም አለ፣ የዛፉ ዓይነት አለ፣ ዋጋው አለ። የሌለው ሰውየው ብቻ ነው።

ሰቃ ላይ ያገኘኋቸው ሽማግሌ

በሌላ ጉዳይ ሰቃ ወርጄ ነበር። መንገድ ዳር ካሉት ቡና ቤቶች ባንዱ ተቀመጥኩ። ደጃፉ ላይ የተደረደረው መቀመጫ በሙሉ ፕላስቲክ ነው፤ ሰማያዊና ቀይ። ቡና በተወለደበት አገር፣ ዋንዛ ለቡናው ጥላ በሚሆንበት ቀዬ፣ ቡና የሚጠጣው ፕላስቲክ ላይ ተቀምጦ ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ አይደለም ወይ?

በርጩማ የሚጠርብ ሰው ካለ ብዬ ጠየቅኩና ከመንገዱ ገባ ብሎ ወዳለ አንድ ግቢ መሩኝ። አዛውንቱ ጠራቢ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መጥረቢያቸውን ይስላሉ። ስማቸውን እንድጽፍ አልፈቀዱልኝም። «ተወው ልጄ፣ ቢሮዎቹ ይቀየሙኛል» አሉኝ። ስሙን ማንም ያልጻፈለት ባለሙያ፣ ሊጻፍለት ሲል ደግሞ ይፈራል!

«አባባ፣ አንዱን ለመጨረስ ስንት ቀን ይፈጅብዎታል?» አልኳቸው።

«እንጨቱ ከተገኘ ቀኑ ምን አላት። ጣጣው እንጨቱ ነው። ዋንዛ እንደ ልብ አይቆረጥ፣ ክልክል ነው። ተው ሲሉኝ እኔ ተውኩ። ሌሊት በመኪና የሚያልፈውን ግን ተው የሚለው አላየሁም።»

«ልጅዎ ሙያውን ተማረ?»

ሳቁ። «ልጄ ባጃጅ ነው የሚነዳው። ተማርም አላልኩት። ሚስት ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ የጠራቢ ልጅ ከሚሉት ባለ ባጃጅ ቢሉት አይሻለውም?»

ከዚያ አንድ ነገር አጫወቱኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ለበዓል መድረክ ማሳመሪያ እፈልጋለሁ ብሎ ስድስት በርጩማ ከቤታቸው ተውሶ ወሰደ። እንግዶቹ ተቀመጡበት፣ ካሜራው አነሳው፣ በዓሉም አለፈ። የተመለሱት አራት ናቸው፤ ከአራቱም ያንዱ እግር ተሰብሯል። ለቀሩት ሁለቱ ምን ተሰጣቸው መሰላችሁ? ወረቀት! ወረቀቱን አሳዩኝ። «ለባህላችን እድገት ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋፅኦ» ይላል። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ዙሪያው በአበባ ተጊጧል። የሽማግሌው ስም ግን ተሳስቶ ነው የተጻፈው። የሌላ ሰው ስም ይመስላል።

የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልገኝም። ነገሩ የአንድ ቢሮ ጥፋት ቢሆንማ በምን ዕድላችን! አንድ ሹም ይነሳል፣ ሌላ ይሾማል፣ ያልፋል። ችግሩ ግን ከቢሮው ይረዝማል፤ ከመንግሥታትም ይረዝማል።

ስድቡ ከየት መጣ?

ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ ያንቋሸሸ ሌላ ማንም አይደለም፣ እኛው ነን። ማረሻውን ሠርቶ ያበላንን ሰው «ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል» ብለን ከማኅበር ያገለልን እኛው ነን። በሰሜኑም በደቡቡም፣ በክርስቲያኑም በእስላሙም ቤት ይህ በሽታ ነበረ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ ይቅር፣ የሚሳደብም ይቀጣል ብለው አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ቢከፋባቸው ነው። አዋጁ ከተነገረ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆነው። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን አልወጣ! የሰቃው ሽማግሌ ልጃቸውን ከሙያው ያራቁት ዛሬ ነው፤ በምኒልክ ዘመን አይደለም።

ስናደንቅም እንኳ እጁን እንክዳለን። ላሊበላን ማን ፈለፈለው ሲባል «መላእክት» እንላለን። እምነትን አልነካም፤ የሚያምን ይመን። ነገር ግን ትውፊቱ ራሱ የሚለው፣ ቀን ሰዎች ሲሠሩ ውለው ሌሊት መላእክት ይቀጥሉ ነበር ነው። እኛ የሌሊቱን ይዘን የቀኑን ረሳነው። የጎንደርን ግንብ ስናይ ደግሞ «ፖርቱጋሎች ናቸው የገነቡት» የሚል አይጠፋም። መልአክ ካልሆነ ፈረንጅ! በመካከል ያለው ሐበሻ ግንበኛ፣ ድንጋይ ጠራቢ፣ እንጨት ቀራጭ የለም። ከዚያ ወዲያ ትውልዱ በራሱ እጅ እንዴት ይመን?

የእጅ ሥራ ብቻም አይደለም፤ የቃልም ሥራ እንዲሁ ነው። ከጅማ ብዙም ከማይርቀው ከሊሙ እናርያ ምድር የተነሳች አንዲት ሴት ነበረች፤ አስቴር ጋኖ ትባላለች። በሊሙ ንጉሥ ለባርነት ተዳርጋ፣ ባሕር ተሻግራ ልትሸጥ ስትል እ.ኤ.አ. በ1886 የጣልያን መርከቦች አስጣሏት። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ምን ሠራች? በልጅነቷ የሰማችውን ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን፣ አምስት መቶ ያህል፣ ከራሷ አእምሮ እያወጣች ጻፈችው። ከዚያ ውስጥ ብዙው እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም የእሷ ድካም አለበት። የተጻፈውም በዚሁ አንተ አሁን በምታነበው በግዕዝ ፊደል ነው። የኦኔሲሞስ ነሲብን ስም የሚያውቅ አለ፤ መታወቅም ይገባዋል። የአስቴርን ስም ግን እስቲ ጅማ አደባባይ ላይ ቆማችሁ ጠይቁ! ንጉሡን ሁሉም ያውቀዋል፣ ባሪያይቱን ማንም አያውቃት። ተረቱን ከሞት ያዳነችው ግን ባሪያይቱ ናት።

«መቶ ዓመት» እና «ሦስት ሺህ ዘመን»

ይህን ስጽፍ ሁለት ዓይነት ሰዎች እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። አንደኛው «የኢትዮጵያ ታሪክ የመቶ ዓመት ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው «የሦስት ሺህ ዘመን ነው» የሚለው ነው። ሁለቱም በመድረክ ላይ ሲፋጁ ሰላሳ ዓመት አለፋቸው። ሁለቱም ታሪክን የሚፈልጉት እንደ ዱላ ነው። ዱላ ደግሞ ሲመቱበት እንጂ ሲያነቡት አይታይም።

ለአንደኛው ወገን አባ ጅፋር እንከን የለሽ ጀግና ናቸው። ለሌላው ደግሞ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት መስመር ይበቃቸዋል። እውነተኛውን አባ ጅፋር የሚፈልግ ግን የለም። በብልሃታቸው ሕዝባቸውን ከእልቂት ያተረፉ፣ ለሃይማኖት ሊቃውንት በራቸውን የከፈቱ፣ ንግድን ያስፋፉ ሰው ናቸው። እኒሁ ሰው በዘመናቸው ሂርማታ ገበያ ላይ ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር ሰው ሲሸጥ ኖሯል። እኒሁ ሰው በምኒልክ ዘመቻ ጊዜ በወላይታም በከፋም ላይ ጦር አሰልፈዋል። ታሪክን ማክበር ማለት ይህን ሁሉ አንድ ላይ መሸከም መቻል ነው። የማይመቸውን ቆርጦ የሚመቸውን ብቻ የሚያሳይ ታሪክ አያከብርም፣ ይሸጣል እንጂ።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው። ስለ ጅማ መንግሥት አሠራር ማወቅ የፈለገ ተማሪ የሚላከው አሜሪካዊው ኸርበርት ሉዊስ በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1965 ወዳሳተመው መጽሐፍ ነው። ሰውየው መጥቶ፣ ከሽማግሌዎች እግር ሥር ተቀምጦ፣ ጠይቆ ጻፈ። ምስጋና ይግባው! እኛስ? ሽማግሌዎቹ የኛ ነበሩ። ከእግራቸው ሥር ለመቀመጥ ቪዛ አያስፈልገንም ነበር። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።

በያንዳንዱ ሼህ ቤት በዐረብኛም፣ በዐጀሚም፣ ማለትም ያገሩን ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል፣ የተጻፈ ብራናና ወረቀት አለ። ከወሎ ተነስቶ ጅማ የገባው፣ ከጅማም ወሎ የተመለሰው መንዙማ አለ። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በዐረብኛም ይዜማል። የሁለቱ ክፍለ ሀገር ሰዎች ያለ ማንም ካድሬ ስብከት በዜማ ተሳስረው ኖረዋል። ይህን የሚያውቁት አንጋፋ ዜመኞች አንድ ባንድ እያለፉ ነው። ባለ መቶ ዓመቱም ባለ ሦስት ሺህ ዘመኑም ግን በስብሰባ ላይ ናቸው!

ሌባው ፈረንጅ ሲሆን እንጮኻለን

ሌላም አመል አለን። ቅርሳችንን ፈረንጅ ሲወስደው እሪ እንላለን፤ ትክክል ነን። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የዘረፉት ይመለስ እንላለን፤ ትክክል ነው። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮማ የወሰደው የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲመለስ፣ በ2008ም በቦታው ሲቆም ያልተደሰተ አልነበረም። ደግ አደረግን። ነገር ግን ያው ቅርስ በራሳችን ቸልተኝነት ሲጠፋ፣ በራሳችን ግሬደር ሲናድ ድምፃችን የት ይገባል? በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። መታሰቢያ መሥራት ክፉ ነው የሚል የለም። በዚያው ዓመት፣ ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው በፒያሳ የዓድዋን ዘማቾች የልጅ ልጆች ያሳደጉ አሮጌ ቤቶች «ለኮሪደር ልማት» ተብለው ፈረሱ። አዲስ መታሰቢያ በአንድ እጅ፣ አሮጌ መታሰቢያ በሌላ እጅ! ድንጋይ ሲሠራ እናጨበጭባለን፣ ድንጋይ ሲፈርስም እናጨበጭባለን። ማጨብጨቡን ብቻ ለምደነዋል።

ከመቅደላ የተዘረፈ ጽላት ሊመለስ ይችላል። ለንደን ቢሆንም ያለበት ይታወቃል። አንድ ሽማግሌ ሳያስተምር ይዞት የተቀበረው ሙያ ግን ከየትኛው ሙዚየም ይመለሳል? የትኛው ኤምባሲ ደብዳቤ ይጽፍለታል?

«ሆድ ሲራብ ባህል ምን ያደርጋል?»

ይህ ክርክር እንደሚመጣ አውቃለሁ። «ሕዝቡ ዘይትና ስኳር ተወዶበት፣ አንተ ስለ በርጩማ ታወራለህ!» የሚለኝ አይጠፋም። እንዲያውም ስለ ዘይትና ስለ ስኳር ነው የማወራው፤ ልብ ብለህ ስማኝ።

ጅማ በዓለም ቡና ገበያ ላይ የምትታወቀው በምን ስም ነው? «ጅማ 5» በሚለው ነው። ቁጥር! ርካሽ ደረጃ! ጠጥተው የማያደንቁት፣ ከሌላ ጋር የሚቀላቅሉት ቡና ማለት ነው። ይርጋጨፌን ግን ቶኪዮ ያለ ሰው በስሙ ይጠራዋል። በ1999 ዓ.ም. ግድም ስለ ሲዳሞ፣ ስለ ሐረርና ስለ ይርጋጨፌ ስም ባለቤትነት ከአንድ የአሜሪካ ትልቅ ኩባንያ ጋር የተደረገውን ሙግት ታስታውሱ ይሆናል። ያኔ አገሪቱ የተሟገተችው ለከረጢቱ አልነበረም፤ ለስሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የቡና ጥራት ውድድር ሲደረግ አንድ የሲዳማ ገበሬ ቡና በጨረታ በፓውንድ 407 ዶላር ተሸጠ። ጥራቱ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ አዎ ጥራቱ ነው። ነገር ግን ቡናው ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ በቁጥር ብቻ ቢሸጥ ኖሮ፣ ጥራቱም አብሮ ተቀላቅሎ ይቀር ነበር። ዋጋውን ያወጣው ጥራቱ ከገበሬው ስም ጋር አብሮ መቆሙ ነው። እጅ በስሙ ሲጠራ ገንዘብ ያመጣል፤ ስም ሲነፈግ ግን በቁጥር ይሸጣል።

አገሪቱ በዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከቡና አግኝታለች እየተባለ ይነገረናል። ደስ ይለናል። የሰቃ ለቃሚ ከዚህ ውስጥ ምን ያህል ደረሳት? የጀበና ሠሪዋስ? የበርጩማ ጠራቢውስ? ቡናችንን ስናስተዋውቅ እንኳ የምንሰቅለው ታፔላ «ካልዲ» የሚል ነው። የፍየል እረኛውን ተረት ጽፎ ያሳተመው ፋውስቱስ ናይሮን የሚባል ማሮናዊ ነው፤ ያውም ሮማ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1671። እዚያ ጽሑፍ ውስጥም «ካልዲ» የሚል ስም የለም፤ ስሙ በኋላ የተለጠፈ ነው። ለሌለ እረኛ ስም አወጣን፤ ላለው ገበሬ ግን ቁጥር ሰጠነው!

«ፕላስቲክ ርካሽ ነው፣ ገበያው ነው የገደለው» የሚልም አለ። እሱም ግማሽ እውነት ነው። ፕላስቲክ ወንበር በጃፓንም አለ። ነገር ግን ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጡት ሕግ መነሻነት ሸክላ ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ እንጨት ሠሪውን መርጠው «ሕያው የአገር ቅርስ» ብለው ሰየሙት። ስሙን ብቻ ሰጥተውት አልቀሩም። ሙያውን ለተተኪ እንዲያስተላልፍ በየዓመቱ ገንዘብ ይቆርጡለታል። ቅርስ የሚሉት ዕቃውን ብቻ አይደለም፣ ሰውየውንም ነው። ጃፓን ሀብታም ስለሆነች ነው እንዳትሉኝ፤ ሕጉን ስታወጣ ከጦርነት ፍርስራሽ ገና መውጣቷ ነበር።

ሕጉ አለ፣ የሌለው ልቡ ነው

የሕግ ችግር የለብንም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት አለበት ይላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ስምምነትም ገብተንበታል። መስቀል በ2013፣ ፍቼ ጨምበላላ በ2015፣ ገዳ በ2016፣ ጥምቀት በ2019፣ ሹዋሊድ በ2023 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተመዝግበዋል። እሰየው! ነገር ግን አምስቱንም እዩዋቸው፤ አራቱ በዓላት ናቸው፣ አንዱ ሥርዓት ነው። ከነዚህ ውስጥ የጠራቢ፣ የሸማኔ፣ የሸክላ ሠሪ፣ የቀጥቃጭ ሙያ የለም። በዓሉን እናስመዘግባለን፣ ለበዓሉ የሚለበሰውን የሚሸምነውን ግን እንረሳዋለን።

ምን ይደረግ? ብዙ ቢሊዮን የሚጠይቅ ነገር አልናገርም።

አንደኛ፣ ሙዚየሞቻችን በዕቃው ሥር የባለቤቱን ብቻ ሳይሆን የሠሪውን ስም ይጻፉ። የድሮው ካልታወቀ «የሠሪው ስም አልተመዘገበም» ብለው ይጻፉ፤ ተመልካቹ ይፈር። የዛሬው ግን ይታወቃል፤ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች አሉሚኒየምና ብየዳ ሲያስተምሩ በርጩማ ጠረባና ሸክላም ያስተምሩ። አስተማሪው ዲግሪ ያለው ሳይሆን እጅ ያለው ይሁን። ሽማግሌው በመምህርነት ደመወዝ ይቆረጥላቸው። «የጠራቢ ልጅ» የሚለው ስድብ «የመምህሩ ልጅ» ወደሚለው የሚለወጠው ያኔ ነው።

ሦስተኛ፣ ዋንዛ መቁረጥ መከልከሉ ይጽና፤ ነገር ግን ለጠራቢዎች በማኅበር የሚተክሉበትና ከተከሉት የሚቆርጡበት መሬት ይሰጣቸው። ጫካውን የሚጨርሰው በርጩማ አይደለም።

አራተኛ፣ መሥሪያ ቤቶች ለመድረካቸው ዕቃ መዋስ ያቁሙ፤ ይግዙ! ለድንኳን ኪራይ፣ ለድምፅ ማጉያ፣ ለውሃና ለአበል የሚከፍል በጀት ለባህሉ ባለቤት ሲሆን ለምን «ምስጋና ወረቀት» ይሆናል? ምስጋና አይበላም።

አምስተኛ፣ ይህ ለመንግሥት ሳይሆን ለኔና ለአንተ ነው። ልጅህ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ጠራቢ ልሁን ቢልህ ምን ትለዋለህ? መልስህን ለራስህ ተናገረው። ባህልህን ምን ያህል እንደምትወድ የሚለካው እዚያ ላይ ነው፤ በዓል ሲመጣ በምትለብሰው ጥለት አይደለም።

መንግሥታት ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንዱ የሌላውን ሐውልት ያፈርሳል፣ የራሱን ያቆማል። እስካሁን ያልፈረሰው፣ ንጉሥም ደርግም ሌላውም ያልገነባው፣ ስለዚህም ሊያፈርሰው ያልቻለው ነገር የባለሙያው እጅ ነው። እሱን ደግሞ እኛው በንቀት እየቆረጥነው ነው። የሰው ድንጋይ ከሮማ ለማስመለስ ብዙ ዓመት የተሟገተ ሕዝብ፣ በደጁ ያለውን ሰው ስሙን አስተካክሎ መጻፍ ካቃተው፣ «በታሪኬ እኮራለሁ» ማለቱን ይተው። ወይ ይኩራ፣ ወይ ይፈር፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ መሆን ግን አይቻልም!